የአብዱልሃፊዝ ፉርጎ

አቶ ተረፈ ልጃቸውን አብዱልሃፊዝ ብለው የጠሯት ከወልቂጤ ይዛው የመጣችውን የካርቶን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠች ዕለት ነው።

ሣጥኑ የማስተማሪያ ነበር። ማስተዋል ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የንድፍ ሥራ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ አንድን ዕቃ ከላይ፣ ከፊትና ከጎን አይተው መሳል እንዲለምዱ ካርቶን እየቆረጠች የተለያየ ቅርጽ ትሠራላቸዋለች። አርብ ከሰዓት በሚኒባስ ቡታጅራ ትመጣለች። አባቷ የሚኖሩት እዚያ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጠው ታናሽ ወንድሟ ከኢዮብ ግቢ ውስጥ ነው። የልጆቹ እናት ካረፈች ወዲህ የሽማግሌው ሐሳብ እየተበተነ ሄዶ የልጆቻቸውን ስም ከረሱ ቆይተዋል። ኢዮብን «ጌታው» ይሉታል። ማስተዋልን ግን በምንም አይጠሯትም ነበር፤ በር ስትከፍት እንደ እንግዳ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉላታል። እሷን ከሁሉም በላይ የሚጎዳት ይኼ ብድግ ማለታቸው ነበር።

ያን ቀን ግን አልተነሱም። ሣጥኑን አንስተው ገለበጡትና ሆዱን አዩት።

«እግሩስ?» አሉ።

«የምኑ እግር፣ አባባ?»

«የፉርጎው ነዋ! ምን ነካህ አብዱልሃፊዝ? ያለ እግር ልታወጣው ነው?»

ማስተዋል አብዱልሃፊዝ የሚባል ሰው አታውቅም። ስለ ፉርጎ ግን ትንሽ ትንሽ ሰምታለች። አባቷ በአፍላነታቸው ከቡኢ ተነስተው ድሬዳዋ ወርደው፣ ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድበት ዘመን ሊያከትም ሲል፣ የዕቃ ፉርጎ በሚጠገንበት ቤት የአናጢ ረዳት ነበሩ። ከዚያ ተመልሰው ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት ሲሠሩ ኖሩ። ስለ ድሬዳዋ ሲጠየቁ «ሙቀት ነው» ብለው ያልፉ ነበር እንጂ ብዙ አያወሩም። አሁን ግን ዓይናቸው ሣጥኑ ላይ ቀርቶ፣ የልጃቸው መልስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

«እግሩን ለሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ወደ ሸምሶ ቶርኖ ቤት ሄደች። ሸምሶ የጋሪና የወፍጮ ዕቃ እንጂ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር አይቀርጽም። ሆኖም ለማን እንደሆነ ስትነግረው የያዘውን ሥራ አቆመና ወረቀቷን ተቀበላት። «አቶ ተረፈ የቤቴን በር የሠሩልኝ ናቸው» አለ። «እስከ ዛሬ አልተዛነፈም።» ከአንዲት የብረት ዘንግ ላይ እየቆረጠ፣ ዙሪያቸው ከንፈር ያለው፣ በሐዲድ ላይ የሚሽከረከር አራት እግር አወጣላት።

የመጀመሪያው ፉርጎ አቶ ተረፈን አላስደሰታቸውም። ማስተዋል ግድግዳውን በዋንዛ ጣውላ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ነበር። አባቷ አገላብጠው አዩትና ፊታቸው ተቀየረ።

«የከብት ፉርጎ ነው ያልኩህ! በሬው የት ይተንፍስ? አፍንጫው የሚወጣበት፣ ቀንዱ የማይወጣበት ክፍተት ተውለት እንጂ!» ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። ዕለቱን ሙሉ ሳይረጋጉ ዋሉ፤ ምሳም አልበሉም።

ማስተዋል ከዚያ ወዲህ በግምት መሥራት ተወች። ያረጁ የባቡር ፎቶዎችን ከኢንተርኔት እየፈለገች ስልኳ ላይ አጠራቀመች። በሐዲዱ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር መሆኑን ስላወቀች፣ ከዚያ ተነስታ የፉርጎውን ቁመትና ወርድ ትለካለች። አንዱን እውነተኛ ሜትር ሁለት ሳንቲም ተኩል አድርጋ ትስላለች፤ ከዚያ ትቆርጣለች። የበሩን መንሸራተቻ ከሽቦ፣ ማጠፊያውን ከዘይት ቆርቆሮ ትሠራለች። አባቷ የሚሉትና ፎቶው የሚያሳየው ያልተስማማበት ጊዜም ነበር። እንዲህ ሲሆን ፎቶውን ትከተላለች። አቶ ተረፈ ፉርጎው ተሠርቶ ሲመጣ አይከራከሯትም፤ በአፋቸው ያሉትን ረስተው በእጃቸው ያውቁታል። አንዳች ነገር ከቦታው ሲዛነፍ ግን ምን እንደሆነ መናገር ቢያቅታቸው እንኳ ሰላም ያጣሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የትኛውም ፉርጎ ሲሰጣቸው በሩንም ጣሪያውንም ከማየታቸው በፊት፣ ፉርጎው ላይ ተሳፍሮ ፍሬኑን የሚያጠብቀው ሠራተኛ፣ ፍሬን ያዡ፣ የሚወጣባትን ትንሽ መርገጫ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጓታል። ማስተዋል የአናጢ ልማድ መስሏት አልጠየቀችም።

አንድ ቅዳሜ የቆዳ መጫኛውን ፉርጎ ሲመረምሩ ቆይተው በድንገት ቀና አሉ።

«ምነው አንቱ አንቱ ትለኛለህ? ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ምን አድርጌህ ነው እንደ ባዕድ የምታየኝ?»

ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ማስተዋል አባቷን አንድም ቀን አንተ ብላ አታውቅም፤ ምላሷ አልታዘዝ አላት። መጨረሻ ላይ ግን ዓይኗን ወደ ፉርጎው መልሳ «አልተቀየምኩህም፣ ተረፈ» አለች።

አቶ ተረፈ ሳቁ። ከሚስታቸው ቀብር ወዲህ ሲስቁ ያኔ ገና ማየቷ ነው። አጠገባቸው ያለውን መቀመጫ መታ መታ አድርገው «ና ተቀመጥ» አሏት።

ኢዮብ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ስትወጣ ግቢው ውስጥ ጠበቃት።

«ማንን ነው ተረፈ የምትዪው፣ እቴ?»

«እሳቸው ስለፈለጉ ነው።»

«አባታችን እኮ ናቸው! እኛ የሌለንበት አገር እየሠራሽላቸው ነው። አንድ ፉርጎ በጨመርሽ ቁጥር ወደዚያ እየራቁ ነው የሚሄዱት።»

«እኔ ሳልጀምርስ የት ነበሩ? ስገባ ብድግ ሲሉልኝ አላየህም?»

ኢዮብ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ «እኔን ጌታው ነው የሚሉኝ» አለ። «ጠዋት ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ ጌታው ይሉኛል። አንቺን እንኳ ጓደኛ አድርገውሻል።»

ማስተዋል ቁጣው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባት። ልታቅፈው ቀረብ አለች፤ እሱ ግን ሱቅ ሰው እንደሚጠብቀው ተናግሮ ወጣ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ለመስቀል ዘመድ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ኢዮብ ግቢውን በኖራ መቀባት በጀመረበት ሰሞን፣ ማስተዋል ትልቁን ሥራዋን ጨርሳ መጣች። ይህ ክዳን ያለው የዕቃ ፉርጎ ነበር። አንድ ጫፉ ላይ ፍሬን ያዡ ዝናብና ፀሐይ እየመታው የሚቀመጥባት ወንበር፣ ፊት ለፊቷ የፍሬኑ መዘውር፣ ከሥሯ መርገጫዋ ነበረች። አባቷ ደጋግመው የጠየቋት ይህንን ነው።

አቶ ተረፈ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አውራ ጣታቸውን መርገጫዋ ላይ አሳረፉ። በዚህኛው ግን ጣታቸውን አላነሱም።

«ዛሬ አንተ ነህ የምትወጣው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«አትውጣ።»

«ለምን?»

«መርገጫው ላይ ላዩን ነው ደህና የሚመስለው። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ማን ያውቃል? ቀለም ተቀብቷል፣ ያምራል። እኔም አላወቅሁም፣ አለቃችንም አላወቀም። ዝናብ ነበር። ኤረር ጣቢያ ልንገባ ስንል ፍሬኑን ይዞ ሊወርድ ረገጠው። ባቡሩ ገና አልቆመም። እኔ ከኋላኛው ፉርጎ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። አብዱልሃፊዝ ብዬ ተጣራሁ፣ ግን እንፋሎቱ ይጮኻል...»

አቋረጡና ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው አነሱ። ግራ ገብቷቸው ፊቷን ፈለጉት።

«አንተ አይደለህም እንዴ?»

ማስተዋል ሁለት መንገድ ታያት። አይደለሁም ብትል ጓደኛቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ዳግም ይሞታል። ነኝ ብትል ደግሞ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ እንዲወድቅ ትሰደዋለች። ኢዮብ የኖራ ብሩሹን እንደያዘ መስኮቱ ጋ ቆሞ እንደነበረ አላየችም።

«እንቀይረዋ» አለች። «ባቡሩ እስኪነሳ ጊዜ አለን።»

መርገጫዋን በቢላ ጫፍ ነቀለቻት። ከቦርሳዋ ደህና የዋንዛ ቁራጭ አውጥታ ለአባቷ ሰጠች። አቶ ተረፈ እንጨቱን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት፣ በጥፍራቸው ሞከሩት፣ አሸተቱት። ከዚያ ቢላውን ተቀበሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያየው ኢዮብ ብሩሹን ጥሎ ገባና ፉርጎውን ከታች ደገፈላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታው» አሉ። «ጠበቅ አድርገህ ያዝልን።»

ኢዮብ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጣቶቹ ላይ የነበረው ኖራ ጥቁሩን ቀለም አጎደፈው። አቶ ተረፈ እንጨቱን እየፋቁ፣ እየለኩ፣ እንደገና እየፋቁ ብዙ ቆዩ። ማስተዋል ኮላውን ቀባችላቸው። መርገጫዋ ከቦታዋ ገባች። እስኪደርቅ ጠብቀው አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉባት፤ አንዴ፣ ከዚያ በኃይል።

«አሁን ሰው ትሸከማለች» አሉ።

ወንበራቸውን ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሏቸው ልጆቹ ሊነሱ ሲሉ ሽማግሌው ተናገሩ።

«እጅህ ጥሩ ነው። ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ናቸው» አለች ማስተዋል።

«አናጢ ናቸው?»

«አዎ፣ አናጢ ናቸው።»

«በሕይወት አሉ?»

ማስተዋል ኢዮብን አየችው። ኢዮብ ከንፈሩን ነክሶ ወደ መሬት ያያል።

«አሉ» አለች። «ደህና ናቸው።»

«ሰላም በይልኝ» አሉ።

በልልኝ አላሉም። ማስተዋል ቃሏ እንዳትጠፋባት የፈራች ያህል ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ኢዮብም ሰምቷታል፤ የእህቱን ትከሻ በኖራማ እጁ ያዘ። ሌላ ነገር እንዲናገሩ ሁለቱም ጠበቁ፤ አባታቸው ግን እውነትም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ተረፈ አብዱልሃፊዝን አልጠሩም። ማስተዋልንም በስሟ አልጠሯትም። ፉርጎዎቹን ሲያመጡላቸው በትሕትና አይተው ይመልሳሉ፣ እንደ ሰው ዕቃ። መስቀል በሰላም አለፈ፤ ክትፎውን ሩት፣ የኢዮብ ባለቤት፣ በትንሽ በትንሹ አጎረሰቻቸው። ኅዳር ላይ መራመድ አቃታቸው። ማስተዋል ፈቃድ ወስዳ አጠገባቸው ሰነበተች፤ ማታ ማታ ጀርባቸውን እያሸች ትቀመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነች አይጠይቋትም፤ እሷም አትነግራቸውም። ጥር ገብቶ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት ኢዮብ ሊያጥባቸው ሲገባ አርፈው አገኛቸው። እንደ ሁልጊዜው አጠባቸውና ነው እህቱን የጠራት።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ማስተዋል ድሬዳዋ ለሚኖር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ደውላ፣ ዱሮ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ስለነበረ ስለ አብዱልሃፊዝ የሚያውቅ ሰው እንዳለ አጠያየቀች። የአባቱን ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ከዚያ በላይ መሄድ አልተቻለም። ያን ዘመን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አልቀዋል።

«ፉርጎዎቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አላት ኢዮብ ወደ ወልቂጤ ልትመለስ ስትል።

«አላውቅም።»

«እኔ ጋ ይሁኑ።» ሱቁ ውስጥ የዘይት ማጣሪያ ካርቶኖቹን አነሳና መደርደሪያውን ባዶ አደረገላቸው። በተርታ አቆማቸው፤ የኖራ ጣቱ ያረፈበትን ጎን ግን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ምክንያቱን አልጠየቀችውም።

ማስተዋል ለወራት ካርቶን አልነካችም። ዝናብ መጣል ሲጀምር ኢዮብ ደወለላት።

«እቴ፣ ደንበኛ ሁሉ እየጠየቀ አስቸገረኝ» አለ። «ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው ስላቸው፣ በዚያ በረሃ ውኃውን ከየት ነበር የሚያገኘው ይሉኛል። ውኃ የሚጭን ፉርጎ አልነበረም?»

«ይኖራል። አባባ ግን አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅሻቸውም?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«እሺ በቃ» አለ ኢዮብ፣ «ፎቶ ካገኘሽ ብዬ ነው።»

ፎቶውን ለማግኘት ብዙ ሳምንት ፈጀባት። የደበዘዘ ነበር። ክብ የውኃ ጋን የተጫነበት ፉርጎ ይታያል፤ አጠገቡ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ቆሞ ግማሹን ሸፍኖታል። ማስተዋል ወረቀት ዘረጋች፣ ከሐዲዱ ስፋት ተነስታ መለካት ጀመረች። የሚታየውን ግማሽ በጥንቃቄ ሳለችው። የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ፣ ከሰውዬው ጀርባ ያለውን ባዶ ተወችው።