ከቤልግሬድ ሆኖ የእናቱን ኮምፒውተር የጠገነው ሰው

ይህ ታሪክ አንዲት ውሸት የለበትም፤ ካለበት ይቺ የምጽፍባት እጄ እንደ እንጨት ትድረቅ። እኔ ኮምፒውተር የማውቀው በሩቁ ነው፤ ትምህርት ቤትንም እንደዚያው።

ቩካሺን ቤልግሬድ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ በሚጠግን ድርጅት ይሠራል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሥጋ የተሞላ ቡሬክ ቂጣውን እየገመጠ፣ የማዶውን ሰው ኮምፒውተር እንደ ራሱ ኪስ ይበረብራል። ራሱን የሚቆጥረው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እንደ ሐኪም ነው። ያን ሰሞን የክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ነበር፤ ቩካሺንም በልቡ ወንበሩ ላይ ከወጣ ቆይቷል።

የእናቱ የወይዘሮ ራዶይካ ኮምፒውተር ግን እየበራ ይጠፋል። እሳቸውም ከሚኖሩበት ከቫልዬቮ ከተማ ወደ ቢሮው እየደወሉ መድረሻ አሳጡት። በመጨረሻ አለቃው ወይዘሮ ዞርካ ስልኩን ራሳቸው አንሥተው መጡበት።

«ስማ አንተ፣ እዚሁ ሁላችንም እያየን ጠግነው። ከቻልክ ቦታው ያንተ ነው። የእናትህ ኮምፒውተር ካቃተህ ግን ክፍሉን በምን አምኜ ልስጥህ?»

ባልደረቦቹ ወንበር እየጎተቱ ከበቡት። ቩካሺን ጣቶቹን አንቋቋ።

«እማዬ፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ገብቻለሁ። ቀስቷ ስትንቀሳቀስ እንዳትደነግጪ፣ እኔ ነኝ።»

«አየሁህ የኔ ጌታ! ምነው እንዲህ ከሳህ?» አሉ እናቱ ቀስቷን እያዩ።

«ቫይረስ ነው» አለ ቩካሺን ለከበቡት፣ በአስተማሪ ድምፅ። አጸዳ። ኮምፒውተሩ ጠፋ። የማይረባውን ፕሮግራም ሁሉ ነቃቀለ። ጠፋ። «እንግዲህ መብራቱ ነው» አለ፤ ሐኪም መብራት መውቀስ ከጀመረ ግን አልቆለታል።

ሙቀቱን ቢያይ ኮምፒውተሩ እንደ ምድጃ ግሏል። ካሜራውን ከፈተ። በዚያ አገር የሐምሌ ሐሩር እናቱ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ብርድ መታኝ! ይሄ ሳጥንህ በቂጡ ንፋስ እየተፋ ማጅራቴን ያዘኝ። ቀዳዳውን ወተፍኩት።»

«በምን?»

«በሱፍ ካልሲህ። ያ አውራ ጣቱ የተቀደደው።»

ባለፈው ፋሲካ፣ ብልጭልጩ መብራት ዓይናቸውን እንዳይወጋቸው ብሎ የሳጥኑን ጀርባ ወደ እናቱ ያዞረው ራሱ ሐኪሙ ነበር።

ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል ብሎ ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ማጅራቱን ዳበሰ። ወይዘሮ ዞርካ ተነሥተው ከበሩ ትይዩ ያለውን መስኮት ጥርቅም አደረጉት።

«አውጪው እማዬ! መተንፈስ አለበት።»

«እኔስ? አፌ ይጣመምልህ?»

«እናትህን ለንፋስ ትሰጣለህ?» አሉ ወይዘሮ ዞርካ። «ለአንተ ነው ሰው አደራ የምሰጠው?»

ቩካሺን የተማረው ሁሉ ጠፋበት። ቦታውም እንደ ኮምፒውተሩ ዓይኑ እያየ ሊጠፋ ነው።

«እሺ እማዬ፣ ካልሲውን አውጪና ሳጥኑን አዙሪው። ጀርባው ወደ ሶፋው ይሁን።»

«ሶፋው ላይ አባትህ ተኝቷል።»

«አባዬን ደግሞ ምን ይነካዋል?»

ወይዘሮ ራዶይካ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉና አዞሩት።

ኮምፒውተሩ በርቶ ቀረ። ቩካሺንም ቦታውን አገኘ። በማግስቱ አዲሱ ወንበር ላይ ገና ሳይደላደል ስልኩ ጮኸ። አባቱ ናቸው። አንገታቸው ወደ ግራ ዞሮ አልመለስ ብሏል፤ አዲሱ ኃላፊ እዚያው በተቀመጠበት ሆኖ እንዲመልስላቸው ይጠይቃሉ።

ከዚህ ሁሉ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። መስኮቱን የዘጉት ወይዘሮ ዞርካ አይደሉም። ይህን ስጽፍ እኔው ተነሥቼ ዘጋሁት፤ ማጅራቴን እየመታኝ ነበር።