የእትዬ መጥረጊያ ብልጭታ

እውነቱን ለመናገር ቅጽል ስሙ ብዙም አያናድዳትም ነበር። የምርምር ማዕከሉ ልጆች "እትዬ መጥረጊያ" ይሏታል፤ መጀመሪያ ከኋላዋ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ፊት ለፊቷ። ሰፈር ውስጥማ ይባስ ነው። የከዋክብት ተመራማሪ ናት ሲባል ኮከብ ቆጣሪ መስላቸው፣ ልጅ ሊድሩ ያሰቡ እናቶች "እስቲ የሁለቱን ኮከብ እይልኝ" እያሉ በሯን ያንኳኳሉ። ከዚያ አንጻር መጥረጊያ መባል ክብር ነው።

ስሙ የወጣላት ገና ሥራ ስትጀምር በጻፈችው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ቴሌስኮፑ ላይ ያለው ካሜራ ሰማዩን ሲያነሳ፣ ከህዋ የመጣች ቅንጣት መታ ታደርገውና የብርሃን ነጥብ ጥላበት ትሄዳለች። ኮከብ ትመስላለች እንጂ ኮከብ አይደለችም፤ ቆሻሻ ናት። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን ተራ በተራ እያየ፣ አንዱ ላይ ኖሮ የሚቀጥለው ላይ የሌለውን ብርሃን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይጠርጋል። ስንቱ በዚያ ፕሮግራም ዶክተር ተባለ። ምስጋናው ግን ሁሉም "ጋሼ" ለሚሏቸው ለማዕከሉ ኃላፊ ሆነ፤ ፎቷቸው ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፣ የእሷ ስም ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ገባ። እሱንም ቻል አደረገችው።

ያልቻለችው ሌላ ነው። ፕሮግራሙን ስትሞክር ከምታጠናት ቀይ ኮከብ ላይ ብልጭታ አየች። አንዱ ፎቶ ላይ አለ፣ ቀጣዩ ላይ የለም። እንደ ደንቡ ከሆነ ቆሻሻ ነው። ግን የቅንጣት ምት እንደ መርፌ ጫፍ የሾለ ነው፤ የኮከብ ብርሃን አየሩን አቋርጦ ስለሚመጣ ጠርዙ ደብዘዝ፣ ክብ ይላል። ይሄኛው ክብ ነበር። ሮጣ ጋሼን ከቢሯቸው ጠርታ አመጣች።

ጋሼ ስክሪኑን በቅጡ እንኳ አላዩትም። "ልጄ፣ ኮከብ እንዲህ ቶሎ አይጠቅስም" አሏት። "ጠቀሰኝ ብለሽ ጉድ እንዳታፈዪብን። ጥረጊው። ደግሞም ማስቀመጫው ሞልቷል፤ የተጠረገው ይበቃል፣ ጥሬውን ፎቶ ደምስሺው። ከዚያ የቋሚ ቅጥርሽን ነገር እንነጋገራለን።"

ቅጥሩ የእሷ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ታላቅ እህቷ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ዓይኗ እስኪቀላ የሰው ልብስ ስትሰፋ እየዋለች ነው ያስተማረቻት። እህትን ስፌት መኪና ላይ አስቀምጦ ከአለቃ ጋር እልህ መጋባት ደግሞ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? ደመሰሰችው፤ በገዛ ጣቷ።

ያቺን ኮከብ መከታተሏን ግን አልተወችም። ምን ዋጋ አለው፤ ፎቶዎቹ ጠዋት ቢሮ ስትገባ በራሷ ፕሮግራም ተጠርገው፣ ጥሬው ተደምስሶ ይጠብቋታል። አሠራሩ ይቀየር ባለች ቁጥር "የሚሠራ ነገር አይነካም" ይሏታል። እንዲህ እየተባለ ፀጉሯ ሸበተ።

ጡረታ በወጣችበት ዕለት ጠዋት የመጨረሻ ተማሪዋ ጥናቷን ልታቀርብ አዳራሹ ፊት ቆመች። አዲሱ ካሜራ ከአሮጌው ፕሮግራም ጋር ስለማይግባባ፣ ልጅቷ ፎቶዎቹን ሳይጠረጉ ነው ያየቻቸው። ያቺው ቀይ ኮከብ፣ ያው ብልጭታ፣ ክብ፣ ጠርዙ ደብዘዝ ያለ። አዳራሹ አጨበጨበ። በክብር እንግድነት የተጠሩት ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና "እኔስ ድሮም እጠረጥር ነበር" አሉ።

አይ ሰው። እጠረጥር ነበር ይባልልኛል!

እትዬ መጥረጊያም ተነሳች። "እኔ አይቼዋለሁ" አለች። "እዚህ ሥራ እንደ ጀመርኩ። ጋሼ ያስታውሳሉ።"

ጋሼ በከዘራቸው ጫፍ ምንጣፉን ቆርቆር አደረጉ። "ምኑን አስታውሼው ልጄ፣ ዕድሜ እኮ ነው።"

ተማሪዋ ክፉ ልጅ አይደለችም። እንዲያውም የድሮ ምልከታ ቢገኝ ሥራዋን የሚያጸናላት እሱ ነው። "የድሮውን ሁሉ አገላብጬው ነበር፣ ተጠርጓል" አለች ቀስ ብላ። "ጥሬው ፎቶ አለዎት፣ እትዬ?"

ማስረጃ የሌለውን አየሁ ማለት እንደማይቻል ያስተማረቻት እሷው ናት። ስንት ጊዜ በቀይ ሰርዛባታለች። "የለኝም" አለችና ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ሰው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ጡረተኛ ሲዘባርቅ እንደሚደረገው።

ከሰዓት በኋላ ስጦታ ተሰጣት። ሪባን የታሰረለት መጥረጊያ፤ የምር መጥረጊያ። ያስረከቧት ጋሼ ናቸው፤ ሳቁ ጣራ ነካ። እሷም ለፎቶው ሳቀች፣ ምን ታድርግ።

ቤት ስትገባ እህቷ ሪባኑን ፈትታ ከስፌት ዕቃዋ ጋር አስቀመጠችና ሳሎኑን መጥረግ ጀመረች። "ደህና መጥረጊያ ነው" አለች። ትንሽ ጠርጋ ደግሞ ቀና አለች። "እኔ ያን ሁሉ ስሰፋ፣ እህቴ አንድ ቀን ማንም ያላየውን ነገር ታያለች እያልኩ ነበር። ለመሆኑ አየሽ?"

አዎ ብትላት፣ ታዲያ የታለ ልትል ነው። ለምን ደመሰስሽው ልትል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለማን ብለሽ። የእህቷ ዓይን እንደሆነ እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

"አላየሁም" አለችና፣ ከሥሯ እንድትጠርግ እግሯን አነሳችላት።