አምስተኛው ሽታ

የልጅ ልጄ ሽታ የጠፋባት በጉንፋን ነው። ጉንፋኑስ ሄደ፤ ሲሄድ ግን የዓለሙን ሽታ ሁሉ ጠቅልሎ ይዞባት ሄደ። ልጅ ሳለች ትራሱንም፣ መጽሐፉንም፣ የእንግዳውን ካፖርትም ሳታሸት ስለማታልፍ ሽቱ ነበር የምንላት። ስታድግም እንጀራዋ ከአፍንጫዋ ሆነ፤ ከመንገዱ ማዶ ባለችው ትንሽ የሳሙና ቤት ዘይትና መዓዛ የምትቀምመው እሷ ናት።

የሳሙና ቤቱ ባለቤት ክፉ ሴት አይደለችም። "እስኪሻልሽ ማሸጊያው ጋ ቁጭ በይ" አለቻት። "አዲሱ የሳሙና ቅልቅል ሲጀመር ግን መቀመሚያው ጠረጴዛ ላይ የሚያሸት ሰው ማስቀመጤ አይቀርም።" እውነቷን ነው፤ ምን ታድርግ። ልጄ የምላት የልጅ ልጄ ግን ከሥራ በመጣች ቁጥር እጇን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና መልሳ ታወርደዋለች።

እኔ ደግሞ ሳላስብ መዋል የማልችል ሰው ነኝ። ጋዙ ቢያፈተልክ ማን ያሸትላታል? ወተቱ ቢበላሽስ? ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ የምድጃውን ቁልፍ እነካካለሁ።

"እማማ፣ ያልበራ ምድጃ ስታጠፊ ዋልሽ እኮ" ትለኛለች።

"ያልበራውን ነው መፍራት፤ የበራውማ ይታያል።"

ሐኪሙ መድኃኒት አልሰጣትም። አፍንጫም እንደ ተሰበረ እግር ልምምድ ይፈልጋል አለና አፕ የሚሉትን ነገር ስልኳ ላይ አስጫናት። አራት ትንንሽ ጠርሙሶች አዘጋጀች፤ በያንዳንዳቸው ጥጥ፣ በጥጡ ላይ የሎሚ፣ የጽጌረዳ፣ የቅርንፉድና የባሕር ዛፍ ዘይት። ጠዋትና አመሻሽ ላይ መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን፤ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮው ላይ ታስደግፈዋለች። የስልኩ መስታወት ላይ የሎሚ ሥዕል እንደ ንጋት ፀሐይ ቀስ ብሎ ይወጣና የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል፤ ለስላሳ ድምፅ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ። አጠር አጠር አድርገው ያሽትቱ። ይህን ሽታ ከዚህ በፊት የት ያውቁታል?"

"ማናት ልጄን አንቱ የምትላት?" አልኩ በመጀመሪያው ቀን።

"ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የምትለው።"

"ጨዋ ናት እንግዲህ። ከዚያ ቆርቆሮስ ወንበር ይሻላት ነበር።"

ሴትዮዋ ሰኮንዱን ቆጥራ ስትጨርስ የአፍንጫ ሥዕሎች ይደረደራሉ፤ ከባዶው እስከ ሙሉው፣ የሸተተውን ያህል መንካት ነው። ልጄ ሁልጊዜ ባዶውን ነው የምትነካው።

አንድ ጠዋት ዓይኗን እንደጨፈነች "የት እንደማውቀው ነው የጠፋኝ" አለች። "ሎሚ የሚለው ቃል ብቻ ነው የቀረኝ።"

"እንግዲያው የኔን ተዋሺ" አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ስትጠይቅ የምመልሰው እኔ ሆንኩ። ሎሚው፣ ተማሪ ሳለሁ ጣቶቼ በቀለም ሲበከሉ ታላቅ እኅቴ ቧንቧው ሥር በግማሽ ሎሚ ስታሽልኝ፤ ውሃው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ፈዛዛ፣ ኋላ ምንም። ቅርንፉዱ፣ አባቴ ለጥርስ ሕመሙ ከቁልፎች ጋር አደባልቆ የሚይዝበት የኮቱ ኪስ። ጽጌረዳው፣ ሰው የማይኖርበት ቤት አጥር፤ ቅጠሉን ንፋስ እያመጣ ደጃችን ይጥለዋል። ባሕር ዛፉ ደግሞ ከእናቴ ጋር በአንድ ፎጣ ሥር ተሸፍነን የታጠንነው እንፋሎት፤ ዓለም እዚያች ፎጣ ሥር አልቃ፣ የእናቴ ፊት ጠል ጠል ብሎ።

ስናገር ክፍሉ ከመሬት የተነሣ ይመስለኛል። መጋረጃው ይነፋል፣ ይተነፍሳል። የሴትዮዋ ቆጠራ ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። ልጄም በልጅነቴ ውስጥ በባዶ እግሯ የምትሄድ ነው የሚመስለኝ።

"እኅትሽ ፀጉሯ ረጅም ነበር?" አለችኝ አንዴ።

"እስከ ወገቧ።"

"አየኋት። ቧንቧው ይንጠባጠባል።"

ይንጠባጠብ ነበር። እሱን ግን አልነገርኳትም።

"ታዲያ ሸተተሽ?"

"አልሸተተኝም፣ እማማ። ሁሉም አለ፤ ከመስታወት ወዲያ ነው እንጂ።"

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ልጄ ሥራ በሄደችበት የቅርንፉዱን ጠርሙስ ከፍቼ ባሸትት እስከ ዓይኔ ድረስ ነደፈኝ። ደነገጥኩ። አፍንጫና አንጎል ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይህን እሳት ጠዋት ማታ ስትስበው አእምሮዋን ቢነካብኝስ? ለታመመ ሰው ጠንካራው ነገር ሁሉ ይቀጠን የለ? ከያንዳንዱ ጠርሙስ ዘይቱን ቀነስ፣ በሻይ ማንኪያ ውሃውን ጨመር አደረግሁ። ሲውል ሲያድርም ደግሜ ቀነስ፣ ደግሜ ጨመር። እንዳትስቅብኝ ብዬ ለእሷ አልተነፈስኩም።

አዲሱ ቅልቅል ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳለ፣ ልጄ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሣችው። ዘይትና ውሃ ለእሷ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ማን ከማን እንደማይስማማ ታውቃለች።

"እማማ።"

"አቤት።"

"ይህ ዘይት ውሃ ላይ ምን ያደርጋል?"

"እ... ሞቆት ይሆናላ።"

"እማማ!"

"ልጄ፣ አእምሮሽን እንዳይነካው ፈርቼ ነው። ጥቂት ነበር። ኋላ ላይ ነው ትንሽ የበዛው።"

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። "እኔ እኮ አፍንጫዬ ሞቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ ውሃ ሳሸት ነው የከረምኩት።" የቀሚሴን ጫፍ ስጠቀልል ቆየሁ።

ጥጡን ቀየረች፤ አዲስ ዘይት ጨመረች። "ከነዚህ ጠርሙሶች እጅሽን አንሺ" አለችኝ።

"አነሣሁ።"

"ማንኪያውንም።"

"እሱንም አነሣሁ።"

ልምምዱ እንደ አዲስ ተጀመረ። እኔ ማውራቱን፣ ሴትዮዋ መቁጠሯን ቀጠልን። የባዶው አፍንጫ ሥዕል ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። የቅልቅሉ ዋዜማ ከሥራ ስትመጣ እንደ ወትሮዬ በር ላይ አቀፍኳት። ገፋ አደረገችኝ።

"እማማ፣ ምን ነክተሽ ነው? የተቃጠለ ጎማ ጎማ ትያለሽ።"

"ጠዋት የታጠብኩ ሴትዮ ነኝ" አልኩ ቅር ብሎኝ። ቀጥሎ ሁለታችንም ቆምን።

"ምን አልሽ?"

"ትገሚያለሽ።"

"እስኪ ድገሚው።"

"ትገሚያለሽ፣ እማማ" አለች እንባዋ እየወረደ፤ "ክፉኛ ትገሚያለሽ።"

በዚህ ዕድሜዬ ሰው ገማሽ ብሎኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር። ሐኪሙ ነግሯት ኖሯል፤ ሽታ ሲመለስ አንዳንዴ ተጣሞ ነው የሚመጣው። ወደ ጠርሙሶቹ ሮጥን። ጽጌረዳውና ባሕር ዛፉ ዝም አሏት፤ ሎሚና ቅርንፉዱ ጎማ ሆኑባት።

እሷ ራሷ ለሳሙና ቤቱ ባለቤት ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈችው። "ልዋሽዎት አልፈልግም። መሽተት ጀምሮልኛል፤ ግን ሁሉም ጎማ ነው" አለቻት ለባለቤቲቱ።

"ጎማው አንድ ዓይነት ነው ወይስ ይለያያል?"

"ይለያያል። ሎሚው የብስክሌት፣ ቅርንፉዱ የከባድ መኪና።"

ባለቤቲቱ ሳቀች። "መለየት ጀምረሻላ። ልኩን እጅሽ ያውቀዋል፤ ነገ ጠረጴዛሽ ላይ ቅመሚ፣ ማሸጊያው ጋ የምትሠራው ልጅ አጠገብሽ ቆማ ታሸትትልሻለች። ጠማማም ቢሆን አፍንጫ ነው፤ እናቀናዋለን።"

አፑ ላይ የራስን ሽታ መጨመር ይቻላል ኖሯል። ልጄ ሻሼ ተንጋዶ፣ አፌ ተከፍቶ ሳለ ፎቶ አነሣችኝ። አሁን ከአራቱ ሥዕሎች በኋላ የኔ ፊት እንደ ፀሐይ ቀስ ብሎ ይወጣል። "ይህን ሽታ ከዚህ በፊት የት ያውቁታል?" ትላለች ጨዋዋ ሴትዮ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና አንገቴ ሥር ትገባለች። መጋረጃው ይተነፍሳል። እኔ እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

"ዛሬስ?" አልኳት ትናንት።

"ያረረ ሽንኩርት።"

"ከጎማ ይሻላል። ቆይ፣ ነገ ታጥቤ ልቅረብልሽ።"

"እንዳታደርጊው" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ውሃ መጨመር አቁመናል ተባብለናል።"