ሕመም የማይሰማው ሰውዬ

ደግሞ ይሄንኑ መረጠች፣ ከዚያ ሁሉ ኃይል መሃል፣ መብረር አለ፣ መሰወር አለ፣ ልጄ ግን ለዳይስ ጨዋታዋ ሕመም የማይሰማውን ሰውዬ ፈጥራ ወረቀቱን ወደ እኔ ትገፋዋለች፣ አባዬ፣ ጉድለቱን አንተ ጻፍልኝ፣ ኃይሉ ብቻውን ከሆነ ጨዋታው ይበላሻል። ሕጉን ታውቃለች። ነገ ትሄዳለች፣ ሌላ ከተማ፣ ትምህርት፣ ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር የምትጫወትበት ሰውዬ ነው፣ እኔም ሳምንቱን ሙሉ አንድ የረባ ቃል አልወጣኝም፣ ካልሲ ጨምሪ፣ መታወቂያሽን ያዝሽ፣ ይኸው ነው።

ዋና አይችልም ብዬ ልጻፍ፣ ጨዋታው በረሃ ውስጥ ነው፣ ምን ያሰምጠዋል። አይ። ይቺን ብልጠት ታላቅ ወንድሜም ላይ ሞክሬያታለሁ፣ በዚሁ ሰውዬ፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ እናትና አባት የሉንም፣ እሱ ጣውላ ቤት ይሠራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከጀርባ ባለችው መጋዘን ውስጥ እንጫወታለን፣ ዳይሱን ከእንጨት ቁራጭ የሞረደው ራሱ ነው፣ ጠማማ፣ አራት ቁጥር ላይ መቆም ይወዳል፣ ያ የሰጋቱራ ሽታ፣ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዳኛው እሱ። ብልጥ ነኝ ብለህ ሞተሃል፣ አለኝ፣ የማይጎዳ ጉድለት ጌጥ ነው፣ ሰረዘው፣ የራሱን ጻፈ፣ ሕመም ስለማይሰማው ምን ያህል እንደቆሰለ አያውቅም፣ ቁጥሩን ዳኛው ይይዛል፣ ማወቅ ከፈለገ ይጠይቅ፣ መጠየቅ አንድ ተራ ያሳጣዋል።

አሥራ ሁለት ሚስማር ጣውላ ላይ መታ፣ ከጆንያ ጀርባ ደበቀው፣ በቆሰልኩ ቁጥር አንድ ይነቅላል፣ እኔ ምን ገዶኝ፣ ሦስት ወንበዴ፣ አንድ ዘንዶ፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ አትጠይቅም? ምን፣ ፈሪ መሰልኩህ? ተራዬን አላባክንም። ጣውላውን አዞረው። ባዶ። ቆሜ ሞቻለሁ። አትነግረኝም ነበር እንዴ! መች ጠየቅከኝ፣ አለ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ በዚያ ዘመን እንዲያ የሳቅንበት ቀን በጣት ይቆጠራል።

ለሥራ ርቆ ሲሄድ አውቶቡሱ በር ላይ ዞረ፣ ደህና ነህ? ደህና። ቆመ። ጥቂት ጠበቀኝ። አንተስ አላልኩትም። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቀረ።

የወንድሜን ቃል እንዳለ እጽፈዋለሁ። ታነባለች፣ ውይ አባዬ፣ ጨካኝ ነህ፣ ግን አሪፍ ናት፣ ተራውን አቃጥሎ ማን ይጠይቃል ብለህ ነው። ማንም፣ እላለሁ፣ ለዚያ ነው የሚሞተው። ትስቃለች። እኔ አልስቅም፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልተባለ ነገር እንዴት ይባላል፣ ዝም ብሎ ይባላል፣ ነገን ፈርተሻል ወይ፣ እላለሁ።

እርሳሷ ይቆማል።

ትንሽ፣ ትላለች፣ ከዚያ፣ ኧረ ብዙ፣ አባዬ፣ በጣም ብዙ፣ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋለሁ።