የረጠበው ገመድ

አባቴ ምሳ አልበላም ካለ ዘጠነኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ቁርስ ይቀማምሳል፤ ራትም ለምነነው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይቀምሳል። ምሳ ሲቀርብለት ግን «ሳይደወል?» ይልና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ወይ ግትርነት!

ሠላሳ ስምንት ዓመት የኮሌጁን ደወል የደወለው እሱ ነው። ቤታችን ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው፤ እሱ፣ እናቴ፣ እኔና ልጄ አብረን እንኖርበታለን። ልጄን ኮሌጅ ከገባች ወዲህ የማታውቀው ነገር ስለሌለ «ፕሮፌሰሯ» እንላታለን። እናቴ ድስቷን የምታወጣው ደወሉን ሰምታ ነበር። አባቴ ጡረታ ከወጣም በኋላ «አይ፣ የዚህ ልጅ እጅ ይከብዳል!» እያለ ተተኪውን ሲያማ ነበር የሚበላው። ታዲያ የደወሉ ማማ ተሰነጠቀ ተባለና ደወሉ ወረደ። ጉዱ የጀመረው ያን ቀን ነው።

በቤታችን አንድ የቆየ ቀልድ አለ። ድሮ አባቴ ደወል አዘግይቶ ቢሮ ሲጠራ «ገመዱ ረጥቦ ነው» ይል ነበር። ያውም በበጋ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት! ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አንዱ ካረፈደ «ምነው፣ ገመዱ ረጠበ?» እንባባላለን። በዚህ ቀልድ ስንት ዓመት አብሽቄዋለሁ!

እኔማ እዚያው ኮሌጅ ስማር አርፍጄ አላውቅም። እንቅልፍ ስወድ ለጉድ ነው፤ ጠጉሬን ሳላበጥር፣ ዳቦዬን እያኘክሁ ነበር ከቤት የምወጣው። መምህራችን ደወል እንደሰማ በሩን የሚቆልፍ ጨካኝ ሰው ነበር። እኔ ላይ ግን አንድም ቀን አልቆለፈም። «እግሬ ፈጣን ነው» እያልኩ ስጎርር ኖሬያለሁ።

ፕሮፌሰሯ በስልኳ የደወል ድምፅ ብታሰማው «ይሄ የብስክሌት ነው» ብሎ አሳፈራት። ሰውዬው ግን እየከሳ ሄደ፤ ሸሚዙ ሰፋው። ነገር ይምታታበትም ጀምሯል፤ ልጄን በእኔ ስም ይጠራታል። እናቴ «እንዲህ ከቀጠለ አይከርምልንም» አለች።

ጓሮ ወድቆ የኖረ የሐዲድ ቁራጭ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ አንጠለጠልነውና ልጄ ልክ በስድስት ሰዓት እንድትመታው ተስማማን። እኔ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው፤ ለምሳ እመጣለሁ አልኩ።

እንደ ልማዴ አረፈድኩ። መንገዱን እየሮጥኩ ስሻገር የሐዲዱ ድምፅ የለም፤ የአባቴ ጩኸት ግን ይሰማል።

«ቆይ! አትምቺ!»

በአጥሩ ክፍተት አየኋቸው። ልጄ መዶሻውን እንዳነሳች ቀርታለች፤ እሱ በመስኮቱ አጎንብሶ ክንዷን ይዟታል።

«አባባ፣ ሰባት ደቂቃ አለፈ እኮ!»

«ይለፋ! ልጄ ገና አልገባችም። ያቻት፣ እየሮጠች ነው። ያ ሰውዬ በሩን ይቆልፍባታል፤ ቆይ ትንሽ!»

የግቢውን በር ገፍቼ ገባሁ።

«አሁን ምቺ» አላት። መታችው። እሱም ፈገግ አለና «ከጠየቁሽ፣ ገመዱ ረጥቦ ነው በያቸው» አላት።

ለካ እግሬ አልነበረም! አራት ዓመት ሙሉ ማማው ላይ ቆሞ፣ ገመዱን ጨብጦ፣ እኔ እስክገባ ይጠብቅ ነበር። ሦስቱም ደብዳቤዎች የተጻፉበት በእኔ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ ይኸውና ስስቅበት ኖርኩ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት እናቴን።

«እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው» አለችኝ።

አባቴ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በላ። እኔን እንባዬ ቀደመኝ።

በማግስቱ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ባለተረከዝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በኮሌጁ ግቢ መሃል ሮጥኩ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ! አባቴ እኔ ሳልገባ ምሳ አይበላም።