የፈርሂያ የደረጃ እድገት

ፈርሂያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልትሆን ነው ሲባል እናቷ «ያረቢ፣ በሰው አገር ጉልበት መጨረሱ ሳያንስ ደግሞ እሳት ውስጥ ልትገቢ?» ብለው አኮረፉ። ልጅቷ ግን ቆርጣለች። ጅዳ ሳለች ከምትሠራበት ቤት በታች እሳት ተነስቶ፣ ጭስ የለበሰ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በትከሻው ተሸክሞ አውርዷታል። ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየችውም። ከዚያ ወዲህ ልቧ ሌላ ሥራ አልከጀለም። አገሯ ተመልሳ ተወዳደረች፣ አዲስ አበባ ሄዳ ሠለጠነች፣ መካነ ሰላም ተመደበች።

የሚያንገሸግሸው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ስልክ ትያዝ ተባለ። ኃላፊው አቶ አለኸኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሴት ልጅ ቱቦ ስትጎትት ሰው ምን ይለናል የሚል ጭንቀት ብቻ ነበረባቸው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አንዱ ቧንቧ ደርቆብናል ውሃ አምጡ ይላል፣ አንዷ በሬዬ ገደል ገባ ትላለች፣ ሠርግ የደገሰ ደግሞ ግቢው አቧራ ስለሆነበት የእሳት ማጥፊያ መኪናዋን ይለምናል። ይባስ ብሎ ትላክለታለች። ውሃው ለእሳት ነው ብላ በተከራከረች ቁጥር አቶ አለኸኝ እሳቱ የታለ ታዲያ ይሏታል።

እሳቱ በገበያ ቀን መጣ። ከአንድ ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያ የዘለለ ፍም ጨርቁን በላና ሱቁን ያዘው። ነፋስ ነበር። መኪናዋ ግን ለሚመጡ እንግዶች አቧራ እንዳይነሳ መንገድ ላይ ውሃ ልትረጭ ሄዳለች። ፈርሂያ ለሾፌሩ ለታደለ ስትደውል የቀረው ውሃ ከታንከሩ ሥር ያለ ብቻ መሆኑን ነገራት። ያለችውን ይዘህ ና አለችው። ስልኩን ጥላ፣ ቆቧን ደፍታ ወደ ገበያው ሮጠች።

ሱቆቹ በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው። ሁለተኛው ተያይዟል። ቀጥሎ የወይዘሮ የሺእመቤት የልብስ ሱቅ ነበር።

«እትዬ፣ ሱቅዎን ላፈርሰው ነው» አለቻቸው።

ሴትዮዋ በራቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «እሳት ያልነካውን?»

«ቆመን ካየን ይነካዋል፣ ከእርስዎም ወዲያ ያለው ሁሉ ይሄዳል። አሁን ካፈረስኩት ዕቃዎ ይተርፋል።»

የሺእመቤት ወደ ጭሱ አዩ፣ ወደ ልጅቷ አዩ፣ ከበሩ ዞር አሉ። ፈርሂያ የገበያውን ተሸካሚዎች ጠርታ ግማሾቹ ልብሱን እንዲያወጡ፣ ግማሾቹ ምሰሶው ላይ ገመድ አስረው እንዲጎትቱ አደረገች። ሱቁ ወደ መንገዱ ተንዶ ሲወድቅ እሳቱ የሚይዘው አጣ። ታደለም ደረሰና ያቺው የቀረች ውሃ ዳር ዳሩን አጠፋች። ሰው አልተጎዳም፤ ሁለት ሱቅ ነደደ፣ አንድ ፈረሰ፣ ረድፉ ተረፈ።

በማግስቱ አቶ አለኸኝ ሠራተኛውን ሰብስበው ጀግንነቷን አመሰገኑ። ስለዚህም የደረጃ እድገት ተሰጥቷታል፤ ከዛሬ ጀምራ የግንዛቤ ማስጨበጫ ባለሙያ ትሆናለች፣ ወንበርና ጠረጴዛ ይኖራታል፣ እሳት ቦታ መሄድ ይቀርላታል አሉ።

ፈርሂያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጋሼ፣ እሳት አጠፋሁ ብላችሁ ነው ከእሳት የምታርቁኝ?»

«እድገት ነው እኮ ልጄ።»

«እድገቱን ለፈለገ ስጡት፣ እኔን መኪናዋ ላይ አውጡኝ።»

ለሴት እንዲህ ያለ መደብ የለም እያሉ ሲያስረዷት የሺእመቤት ሊከሱ ገቡ። ሱቄን አፍርሳብኛለች ብለው ብዙ ተናገሩ። ወንበር ሊሰጧት መሆኑን ሲሰሙ ግን ክሳቸውን አቋረጡ። «ነገ ሌላ እሳት ሲነሳ ታዲያ ማን ሊመጣ ነው? ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ሲያይ ያፈረሰችው እሷ ናት። ካሳዬን አልተውኩም፤ እሷን ግን አታስቀምጧት።»

አቶ አለኸኝ ግንባራቸውን አሹ። ለጊዜው መኪናዋ ላይ ትሁን አሉ። ደረጃዋ እዚያው ስልክ ያዢ ላይ ቀረ።

የግንዛቤ ባለሙያነቱ ከሌላ ቢሮ ለመጣ፣ እሳት ከምድጃ ውጪ አይቶ ለማያውቅ ወጣት ተሰጠ። የመጀመሪያ ሥራውም ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ስለ እሳት ሥልጠና መስጠት ሆነ። ፈርሂያ የጎማ ቡትሷን እንዳጠለቀች ኋላ ተቀምጣ አዳመጠችው። እሳት አደገኛ መሆኑን ነገራቸው።