የሳንባ ጓል

ራጅ አንሺው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን የናቃቸውን ሐኪሞች ቢቆጥር ጣቱ አይበቃውም፤ ከሁሉ አብልጦ የናቀው ግን የደረት ሐኪሙን ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባው «ደረቱ» ይለዋል፤ ኮሪደሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ሰው ከግድግዳ ይለጠፋል።

ደረቱ ፊልም አያይም። ወደ መስኮት ያነሳዋል፣ ምራቅ ለመዋጥ የሚበቃ ጊዜ ያፈጥበታል፣ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ገልብጦ ይዞት፣ ልብ በቀኝ በኩል ተቀምጣ እያየ፣ ለተማሪዎቹ «ጥሩ ፊልም ነው» ብሏል። ራጅ አንሺው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሳያርመው ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ደስ ብሎት ሰነበተ።

ራጅ አንሺው አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ድናለች። በሽታው ሲለቃት ግራ ሳንባዋ አናት ላይ ባዶ ጉድጓድ ትቶ ሄደ። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ትተፋ ጀመር። አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ነቀርሳ አልተገኘበትም። ደረቱ ግን «ደም ካለ ነቀርሳ ነው» ብሎ የስድስት ወር ኪኒን አስዋጣት። ደሙ አልቆመም። ሌላ ስድስት ወር አስዋጣት።

አንድ ማክሰኞ ግማሽ ብርጭቆ ደም ተፍታ መጣች። እጇ ላይ የደረቱ ወረቀት ነበረ፦ ራጅ በቁም ትነሳ፣ መድኃኒቱ እንደገና ይጀመር ይላል።

«ለሦስተኛ ጊዜ?» አለ ራጅ አንሺው።

«ምን ላድርግ፣ ወንድም ጋሼ? እሱ ነው የተማረው።»

«መማርስ ተምሯል። አልገባውም እንጂ።»

በቁሟ አነሳት። ከዚያ ሌላ ፊልም አስገባ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊልም ማንሳት ክልክል ነው፤ አድርጎትም አያውቅም። የብርጭቆው ነገር ግን አስፈርቶታል።

«በግራ ጎንሽ ተኚ።»

«እንዲህ አንስተኸኝ አታውቅም።»

«ዛሬ አነሳሻለሁ። ትንፋሽሽን ያዢ።»

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀላቸው። በቁሟ በተነሳችው ላይ፣ ከጉድጓዱ ወለል እንቁላል የምታህል ጥላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ አየር አለ። በጎኗ ስትተኛ ጥላይቱ ተንከባላ ወደ ጎን ወርዳለች። ነቀርሳ አይንከባለልም። ይሄ ባዶ ቤት አግኝቶ የገባ ሻጋታ ነው፤ እየተጠቀለለ ጓል ሆኗል። ለሻጋታ የነቀርሳ ኪኒን ውሃ ነው።

ፊልሞቹን ይዞ ደረጃውን ወጣ።

«ማን አዘዘህ፣ አንተ?» አለው ደረቱ። በዕድሜ ልጁ ይሆናል።

«ማንም።»

«ማንበብ ያንተ ሥራ ነው?»

«አይደለም። የእርስዎም ስላልሆነ ነው ያመጣሁት።»

ደረቱ ፊልሞቹን ነጠቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ለቀዶ ሐኪሟ ደብዳቤም ጻፈ።

ቀዶ ሐኪሟ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። እህትየውን አስቀምጣ የድሮ ፊልሞቿን ሁሉ አስመጣች። ራጅ አንሺው ራሱ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ አቀረበላት። መብራቱ ላይ ደረደረቻቸውና ጣቷን ወደ ኋላ እያስኬደች ደም መትፋት ስትጀምር ከተነሳችው ፊልም ላይ አቆመች።

«ይቺ ጨረቃ እዚህም አለች። ሁለት ዓመቷ ነው። ጓሉም ያኔ ከአተር አይበልጥም። ማነው ያነሳው?»

«እኔ።»

«አላዩዋትም?»

ራጅ አንሺው መዋሸት አይሆንለትም። «አይቻታለሁ። ማንበብ የሐኪም ሥራ ነው ብዬ... አንድ ቀን ያያታል፣ አይቶም ያፍራል ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

ቀዶ ሐኪሟ ፊቷን ወደ እህትየው መለሰች። «ያኔ ቢሆን ቀላል ነበር። አሁን ሳንባው ከደረትዎ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ ስናላቅቀው ብዙ ደም ይፈሳል። ከጠረጴዛው ላይነሱ ይችላሉ። ካልተቆረጠ ደግሞ አንድ ቀን በገዛ ደምዎ ይታነቃሉ። የሻጋታ ኪኒን አለ፤ እጉድጓዱ ውስጥ ግን እምብዛም አይደርስም።»

«ይቆረጥ» አለች እህትየው። ከዚያ ወንድሟን አየችው። «ደረቱስ አላየም። አንተ ግን አይተሃል።»

«እህቴ...»

«'ዝም አይነቅዝም' ይላሉ። ያንተ ዝምታ ሳንባዬ ውስጥ ሻገተ። አንድ ጅል ለማዋረድ ስትል ሁለት ዓመት ደም አስተፋኸኝ። አንተ ከሱ በምን ተሻልክ?»

ራጅ አንሺው ፊልሞቹን አንድ በአንድ ከመብራቱ ላይ አወረደ።

ቀዶው አምስት ሰዓት ፈጀ። ራጅ አንሺው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፤ አጠገቡ የእህቱ ጎረቤት፣ ቁልፍና ክር ሻጯ ነበረች። ነርሷ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች።

«የታማሚዋ ቤተሰብ?»

ብድግ አለ። ነርሷ ወረቀቱን አየች። «ቤተሰቤ ብላ ያስመዘገበችው የሴት ስም ነው።»

ክር ሻጯ ቀስ ብላ ተነሳች፤ አንገቷን ደፍታ በአጠገቡ አለፈች። ነርሷ በጆሮዋ ነገረቻት። «ተመስገን! ነቅታለች?» ስትል ሰማ።

«ነቅታለች። ግቢ፣ አንቺን ጠርታለች።»

በሩ ሊዘጋ ሲል ራጅ አንሺው አንድ እግሩን አስቀደመ።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለችው ነርሷ።

እግሩን ወደ ኋላ መለሰ።

«ራጅ አንሺው ነኝ» አለና ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።